የፓኪስታን መድረሳዎች፦ መዝገቡ በማን እጅ ይሁን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መገባደጃ የፓኪስታን መንግሥት 26ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለማጽደቅ የጥቂት እንደራሴዎች ድምፅ ጎድሎት ነበር። የጎደለውን የሞሉለት የጀሚያት ኡለማ ኢስላም ፓርቲ መሪ መውላና ፋዝሉር ራህማን ናቸው። በምላሹ መድረሳዎች በትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን በ1860ው የማኅበራት ሕግ መሠረት በአውራጃ አስተዳደር እንዲመዘገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጠየቁ። ፓርላማው ሁለቱንም አጸደቀ። ፕሬዚዳንት አሲፍ አሊ ዛርዳሪ ግን የመድረሳውን አዋጅ ሳይፈርሙ መለሱት። መውላናው ደጋፊዎቻቸውን ለተቃውሞ እንደሚያስወጡ ካስጠነቀቁ በኋላ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ፊርማው ሰፈረ።

ክርክሩ ላይ ላዩን የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። መንግሥት በ2019 በተደረሰው ስምምነት መድረሳዎችን እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ለማስገባት አስቦ ነበር። ብዙ ዑለማዎች ግን ዛሬ የሚመዘግብ ነገ ሥርዓተ ትምህርቱን ያዛል የሚል ስጋት አላቸው።

ዛሬ ሊቆጣጠረው የሚሻውን ኃይል ያጎለበተው መንግሥት ራሱ ነው። የጄኔራል ዚያ ኡል ሃቅ አስተዳደር ከ1980 ጀምሮ ከባንክ ሒሳብ ከሚቆረጠው ዘካ ለመድረሳዎች ድርሻ ሰጠ፤ በ1982ም ከፍተኛውን የመድረሳ ምስክር ወረቀት ከማስተርስ ዲግሪ ጋር እኩል አደረገ። በአፍጋኒስታን ጦርነት ዘመን ደግሞ በአኮራ ኻታክ የሚገኘው ዳሩል ዑሉም ሃቃኒያ በርካታ የታሊባን መሪዎች የተማሩበት ተቋም ሆነ። በ2002 ፐርቬዝ ሙሻራፍ እጩ ተወዳዳሪዎች ዲግሪ እንዲኖራቸው ሲያስገድዱ የመድረሳ ምስክር ወረቀት ተቀባይነት አገኘ። የሃይማኖት ፓርቲዎች ጥምረትም የሰሜን ምዕራቡን ክፍለ ሀገር መንግሥት ያዘ።

ይሁንና ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ወደ መድረሳ የሚልኩት ለፖለቲካ ብለው አይደለም። መድረሳው ያለ ክፍያ ያስተምራል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ በሆኑባት አገር ይህን የሚተካ የመንግሥት ትምህርት ቤት በየመንደሩ የለም።

ዑለማዎቹም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። በቅርብ ዓመታት እውቅና ያገኙ አዳዲስ የመድረሳ ቦርዶች በትምህርት ሚኒስቴር ሥር መቆየትን መርጠዋል። በዚህም ምክንያት አዋጁ ውዝግቡን ከመፍታት ይልቅ መዝጋቢውን ለሁለት ከፍሎታል። ሕጉ መዝገቡን የሚይዘውን አካል ሊወስን ይችላል፤ የድሃውን ልጅ የሚያስተምረውና የሚያበላው ግን መድረሳው እስከሆነ ድረስ፣ የፖለቲካ ክብደቱ በመዝገብ ዝውውር የሚቀንስ አይሆንም።