ልጁ 14 ነው ወይስ 16? በራጅ ብቻ አንወስን!

ዛሬ ስለ ደም ግፊትና ስኳር አናወራም። ሕግና ሕክምና ስለሚገናኙበት አንድ ጉዳይ፣ ስለ ልጆች ዕድሜ ነው የማወራችሁ።

ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ገጠር ሁለት እረኞች ግጦሽ ላይ ተጣሉ እንበል። አንዱ በበትር መታ፣ ሌላው ክፉኛ ተጎዳ። ፖሊስ የመታውን ልጅ ይዞ "ዕድሜህ ስንት ነው?" ይለዋል። ልጁ አያውቀውም። እናቱም "የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የወለድኩት፣ ዓመቱን ግን እንጃ" ትላለች። ከዚያ "ዕድሜው ይመርመርልን" የሚል ደብዳቤ ወደ እኛ ወደ ሐኪሞቹ ይመጣል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን እንዲህ ይላል፦

1. ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም።
2. ከ9 እስከ 15 ያለው "ወጣት ጥፋተኛ" ነው። የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ተግሣጽ፣ ክትትል፣ ሕክምና ወይም ጠባይ ማረሚያ ይታዘዝለታል።
3. ከ15 በላይ እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞት ግን አይፈረድበትም።

እንግዲህ 14 ወይስ 16 የሚለው መልስ የልጁን ሕይወት ይቀይራል ማለት ነው።

ታዲያ እኛ በምን እናውቃለን? የተለመደው የእጅ አንጓ ራጅ ነው። ራጁን የምናነጻጽርበት የግሩሊክና ፓይል መጽሐፍ ግን የተሠራው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ በተወለዱና ባደጉ፣ ኑሯቸው ደህና በሆነ ልጆች ነው። እዚያው እንኳ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 2 ዓመት ሊሳሳት ይችላል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በምግብ እጥረት ያደገ ልጅ አጥንቱ ወደኋላ ይቀራል። በሌላ በኩል ፀሐይና ሥራ ያጠቆረው ፊት ልጁን ከዕድሜው በላይ ያስመስለዋል። ስለዚህ አጥንቱም ፊቱም ሊያሳስቱን ይችላሉ።

የእኔ አቋም ይኸው፦

ሐኪም "15 ዓመቱ ነው" ብሎ ቁርጥ ያለ ቁጥር መጻፍ የለበትም። "ከ13 እስከ 17 ሊሆን ይችላል" ብሎ እውነቱን ይጻፍ። ግምቱ የሕጉን መስመር የሚያቋርጥ ከሆነ ጥርጣሬው ለልጁ ይጠቀምለት። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

9 ዓመትም በጣም ትንሽ ነው። ይህ ቁጥር ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ አልተነካም። ኮሚቴው ቢያንስ 14 ይሁን ይላል። ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እያደገ እንደሚቆይ ለምናውቅ ሐኪሞች፣ የ9 ዓመት ልጅ ችሎት ፊት ማቆም ከባድ ነው።

"የከተማ ሰው ነኝ፣ እኔን ምን አገባኝ?" እንዳትሉ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶው ብቻ ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ለአቅመ ፍርድ ቤት እየደረሱ ነው!

ስለዚህ፦ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት ይመዝገብ። ጊዜው ያለፈባችሁም ዘግይታችሁ አስመዝግቡ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀትና የትምህርት ቤት መዝገብ አትጣሉ። አገር ቤት እህት፣ ወንድም፣ አክስት ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና "የልጁን ልደት አስመዘገባችሁ ወይ?" በሏቸው። ልጅ ከተያዘ በኋላ ራጅ ከምንጠብቅ፣ ሲወለድ የተያዘች አንዲት ወረቀት ትበልጣለች።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ።