በዚህ ክረምት የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ጌም ይሥሩ

ይህ ጥሪ በሐይቅ፣ በውጫሌና በዙሪያቸው ለምትኖሩ፣ ከዚያም ወጥታችሁ በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳና በዋሽንግተን ኑሮ ለመሠረታችሁ የተሁለደሬና የአምባሰል ተወላጆች ነው። የምጠይቃችሁ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ ጥቂት አሮጌ ኮምፒውተሮችና አንድ መጽሐፍ ነው። ልጆቻችን በስልክ ጌም መጫወቱን ማንም ሳያስተምራቸው ችለውታል። ጌም መሥራቱን ግን ካላመቻቸንላቸው በራሱ አይመጣም።

መጽሐፉ አለ። አል ስዋይጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው «ኢንቨንት ዩር ኦውን ኮምፒውተር ጌምስ ዊዝ ፓይተን» ይባላል፤ አራተኛው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ደራሲው ሙሉውን በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጦታል። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለወጣ ለንግድ እስካልዋለ፣ የደራሲው ስም እስከተጠቀሰና ያው ፈቃድ አብሮት እስከሄደ ድረስ ማባዛትም መተርጎምም ይቻላል። አካሄዱ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ረጅም ማብራሪያ አስቀድሞ ተማሪውን አያሰለችም፤ አንድ ትንሽ ጌም ሙሉ ኮዱን ይሰጥና እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ያስረዳል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ትውልድ ሲያፈራ ታይቷል። ዴቪድ አል እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው፣ ቤዚክ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ጌሞች ስብስብ በ1978 ለግል ኮምፒውተሮች ተስተካክሎ ሲወጣ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ የመጀመሪያው የኮምፒውተር መጽሐፍ ሆኗል። የዚያ ዘመን ልጆች ኮዱን ከገጹ እያዩ በእጃቸው እየጻፉ ነው ሙያውን የጀመሩት።

የመጀመሪያውን ጌም እንየው። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 20 አንድ ቁጥር በሆዱ ይይዛል፤ ተጫዋቹ በ6 ሙከራ ማግኘት አለበት። ሲሳሳት «አንሷል» ወይም «በዝቷል» ይባላል። ልጆቹ መጀመሪያ እንደመጣላቸው ይጠራሉ። ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ አንዷ 10 ብላ ትጀምራለች፤ «አንሷል» ሲላት 15 ትላለች። መሐሉን እየቆረጠች ከሄደች 5 ሙከራ ሁልጊዜ ይበቃታል። ይህ በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቅ ቦታ ያለው የፍለጋ ዘዴ ነው፤ እሷ ግን ለማሸነፍ ስትል ደረሰችበት። ከዚያ ኮዱን ከፍታ 20ን ወደ 100 ትቀይራለች፤ አሁን ስንት ሙከራ ይበቃል? መልሱ 7 ነው፤ ራሷ ታግኘው።

ስለ ቋንቋው የሚሰጉ ይኖራሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ እነ «ፕሪንት» እና «ዋይል» የሚባሉት ትእዛዞችም እንዲሁ። ነገር ግን ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። የቀረውን ኮዱ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን 3፣ በፊደላችን ይቀበላል፤ ልጁ ግምቱን የሚያኖርበትን ቦታ «ግምት» ብሎ ቢሰይመው ፕሮግራሙ ያለ ችግር ይሠራል። ኪማን የሚባለው ነፃ የአማርኛ መጻፊያ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ጨዋታው በሙሉ በአማርኛ ሊናገር ይችላል።

እንዲያውም ፊደላችን ለጀማሪ ፕሮግራመር የተዘጋጀ መልመጃ ይመስላል። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የፊደላትን ቁጥር በሚወስነው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ 4608 ሆነች፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል፣ ለአንድ ቤትም 8 ቦታ ተመድቧል። ሎ 4622 ናት። ከሷ ላይ 4608 ቀንሱ፤ 14 ይቀራል። 14 ለ8 ሲካፈል 1 ደርሶ 6 ይተርፋል። 1 ከሀ ቀጥሎ ያለው የለ ቤት ነው፤ 6 ደግሞ ከግዕዙ ስድስት እርምጃ ርቆ ያለው ሳብዕ። ግድግዳ ላይ የምናውቀው የፊደል ገበታ በማሽኑ ውስጥ በዚያው ተራ ተደርድሯል ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሀንግማን የሚባል ቃል የመገመት ጌም አለ። ልጆቹ በአማርኛ ሲሠሩትና መልሱን «ሐይቅ» ሲያደርጉት፣ በሀሌታው ሀ የጻፈ ተጫዋች «ተሳስተሃል» ይባላል፤ ለማሽኑ 4608 እና 4624 የማይገናኙ ናቸውና። ስለዚህ ከማወዳደሩ በፊት ሀን፣ ሐን እና ኀን አንድ የሚያደርግ መስመር መጨመር አለባቸው። ይህን ጥገና መጽሐፉ ውስጥ አያገኙትም፤ የሚፈቱት እነሱ ናቸው። እኔ ይህን ክረምት የምመኘው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ሌላው ጌም የሰመጠ ሀብት ፍለጋ ነው። ተጫዋቹ በ60 በ15 በተከፈለ ባሕር ላይ 20 የማዳመጫ መሣሪያዎች እየጣለ 3 ሣጥኖች ይፈልጋል፤ መሣሪያው ቅርብ ያለው ሣጥን ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግረዋል። ርቀቱ የሚሰላው በፓይታጎረስ ቲዎረም ነው። የሐይቅ ልጅ ባሕሩን በሎጎ ሐይቅ፣ ሣጥኖቹን ቆሮሶ ዓሣ በያዙ ሦስት የጠፉ መረቦች ቢተካቸው ጌሙ የራሱ ይሆናል። የአምባሰል ልጅ ደግሞ መጽሐፉ ፓይጌም የሚባለውን የጌም መሥሪያ ወደሚያስተምርበት ክፍል ሲደርስ፣ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ማሲንቆ በስልክ ቀድቶ ለጌሙ ድምፅ ያድርገው።

የክረምቱ መድረሻ ገበጣ ይሁን። ገበጣ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ግን እስከዚያ የተማሩት ሁሉ ይበቃዋል። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ባላቸው 12 ጉድጓዶች ብንጀምር፣ ሰሌዳው በኮዱ ውስጥ 12 ቁጥሮች የያዘ ዝርዝር ነው። ከ12ኛው ቀጥሎ ወደ 1ኛው መዞር አለበት፤ የተበላውና በሰሌዳው የቀረው ተደምሮም ሁልጊዜ 48 መሆን አለበት። 47 ከመጣ አንድ መስመር ተሳስቷል፤ ልጆቹ ተሰብስበው ይፈልጉት። የአጨዋወቱ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ብዙዎቹን ሰብስቦ ጽፏል። ልጆቹ ግን የሰፈራቸውን ሕግ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይጻፉ፣ ኮዱንም በዚያ ላይ ይሥሩት። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉንም ለስልክ ሠርቷል። መንገዱ ተጀምሯል፤ ከሐይቅና ከውጫሌ የሚቀጥል ሰው ይኑር።

አሁን ስላለንበት ሁኔታ ልናገር። የ2014ቱ ጦርነት በደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶችን አፍርሷል፣ ኮምፒውተሮቻቸውንም አሳጥቷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም መልካም ነው፣ የሚችል ሁሉ ይመዝገብበት፤ ነገር ግን በኦንላይን የሚሰጥ ስለሆነ ኔትወርክ ለሌለው ልጅ አይደርስም። መጽሐፍና ፓይተን በፍላሽ ይሄዳሉ። ፓይተንን የሚጭነው ፋይል 30 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ አሮጌ ከሆነ ፓይተን 3.8ን ጫኑበት፤ ከዚያ በኋላ የመጡት አይሠሩበትም። ኮምፒውተር ከጠፋ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው አፕሊኬሽን በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

መጽሐፍ ማባዛት ለሐይቅ አዲስ ሥራ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሰብስበው ያስተምሩ፣ መጻሕፍትም ያስጽፉ ነበር። በአካባቢያችን የቁርኣን ልጅ በሉህ ላይ እየጻፈ፣ የቆሎ ተማሪም ዳዊቱን እየደገመ ነው ትምህርቱን እጁ ያስገባው፤ ስዋይጋርትም የሚመክረው ኮዱን ገልብጦ ከመለጠፍ ይልቅ መስመር በመስመር በጣት መጻፍን ነው። ስለዚህ የታተመ ቅጂ ያስፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋም ልጆቹ ከወረቀቱ ላይ ኮዱን እየተነጋገሩ ያነባሉ፣ ቁጥር ገመታውንም በቃል ይጫወታሉ።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፦ ለክረምት ስትመጡ አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ብዙ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ከልጆቹ ሁለት ምዕራፍ ቀድማችሁ ሂዱ። አንድ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ የምትመልሱ አምስት ሰዎች ብትገኙ ለዘንድሮው ይበቃል። የሐይቁ ቡድን ትርጉሙን ለውጫሌው ይስጥ፣ የውጫሌውም የሠራውን ለሐይቁ ይስጥ።

ርእሳነ መምህራን፦ የኮምፒውተር ክፍላችሁ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይከፈት፤ ክፍሉ ከሌላችሁ ጠረጴዛና ሶኬት ያለው ማንኛውም ክፍል ይሆናል። በውጭና በአዲስ አበባ ያላችሁ፦ ከተቀመጠ የቆየ ላፕቶፕ ቢያንስ አንድ ላኩ፤ ከመላካችሁ በፊት ባትሪው መሥራቱን አረጋግጡ፣ ፓይተኑን፣ ኪማኑንና መጽሐፉን ጭናችሁ ላኩት። ገንዘብ ለመስጠት የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ ለፎቶኮፒ ይዋል።

ወላጆች፦ ከተመዝጋቢዎቹ ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ እለምናችኋለሁ። ይህ እንዲሳካ የቅዳሜ ጠዋት ውሃና የቤት ሥራ ለወንዱም ይድረሰው። መንገዱ በማያስተማምንበት ሳምንት ልጅ ከሰፈሩ አይውጣ፤ ቡድኑ ትንሽ ይሁን፣ በየቀበሌው ይሁን፣ አራት ልጆች በአንድ ኮምፒውተር በቂ ናቸው።

ምዝገባው ሰኔ 30 ይዘጋ። ከዚያ በፊት በየቦታው አንድ ሰው ሦስት ነገር ይጨርስ፤ የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድር ይወሰን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ታትመው ይዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይም ፓይተን ተከፍቶ መሥራቱ ይታይ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ንግግርና ምረቃ አይኑር፤ ልጆቹ ገብተው ይቀመጡና ቁጥር ገመታውን መጻፍ ይጀምሩ።