ለውሻም ዘር እንቁጠር?

ሰሞኑን ሐይቅ ነበርን። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ውኃው ዳር ተቀምጠን፣ ቆሮሶ ጥብስ አዘን የከተማውን ጭንቀት ልንረሳ ነበር ሐሳባችን። ጨዋታው ግን ሁሉ ወደ ውሻ ዞረ። ምን ይደረግ? የተቀበለን ወዳጃችን ከአዲስ አበባ ያስመጣት ጀርመን ሸፐርድ አለችው። ስሟ ዳያና ነው።

«ንጹህ ናት፤ ምንም ቅልቅል የለባትም!» አለን፣ ልጁ ዶክተር እንደሆነችለት አባት ደረቱን ነፍቶ። «ዘንድሮ ደግሜ አስጠቃታለሁ። የቡችሎቿ ዋጋ ቀላል እንዳይመስላችሁ።»

እኛ «ደግሜ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምን። የመጀመሪያዎቹስ የት ደረሱ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳያና ሰባት ወለደች። አራቱ ወንዶች ገና በወር ከአሥራ አምስት ቀናቸው ተሸጡ። ሴቶቹን የሚፈልግ ጠፋ። ሁለቱ በነጻ ተሰጡ፣ አንዷ ደግሞ «ጠፋች» (እንዴት እንደጠፋች አልጠየቅንም፤ እናንተም አትጠይቁ)። ከተሸጡት አንዱ ቆርቆሮ ጥላ ሥር በሰንሰለት ታስሮ አደገ። ዓመት ሳይሞላው ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ውሻው ተከትቦ ነበር? ማንም አያውቅም። ሻጩ «ገዢው ያስከትባል» ብሎ ነበር፤ ገዢው ደግሞ «ተከትቦ ነው የተሸጠልኝ» ብሎ ነበር። ልጁ ደሴ እየተመላለሰ መርፌውን ጨረሰ። ተመስገን፣ ደህና ነው። እናቱ ግን የመጨረሻው መርፌ እስኪወጋ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም።

እናም የእኛን አቋም ሳንሸፋፍን እንናገር፦ ቤቱ ውሻ ያለው ሰው፣ ውሻው የቱንም ያህል «ንጹህ ዘር» ቢሆን፣ ማራባት የለበትም።

ወዳጃችን ቱግ አለ። አራት መከራከሪያ ደረደረልን። እኛም አሣችንን እየበላን አንድ በአንድ መለስንለት።

«ዝርያው እንዳይጠፋ ነው» አለ። የትኛው ዝርያ? ሸፐርድ ከኖኅ መርከብ የወረደ ይመስል! ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የቀድሞ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. በአንድ የውሻ ትርኢት ላይ አንድ የእረኛ ውሻ አየ፣ ወደደው፣ ገዛው፣ «ሆራንድ» ብሎ ሰየመው፣ በመዝገብም ቁጥር አንድ አድርጎ አሰፈረው። የ«ንጹሁ ዘር» መነሻ ይኸው ነው። በግ የሚጠብቅ የገጠር ውሻ! ያ ሰው የመረጠው በሥራው እንጂ በአያቱ ስም አልነበረም። ያን ዓይነት ውሻ ደግሞ ወዳጃችን አምባሰል ተራራ ላይ በየከብቱ መንጋ ኋላ ሲሮጥ በየቀኑ ያየዋል። የሚጠራው ግን «ቡቺ» ብሎ ነው፤ ቀጥሎም ድንጋይ ያነሳበታል።

በዚያ ላይ መዝገብ የሌለው «ንጹህ» ምን ማለት ነው? ሻጩ ማለ፣ ገዢው አመነ፣ አለቀ። ጥቂት ሸፐርድ ባለበት ትንሽ ከተማ ደግሞ ወንድም ከእህቱ፣ አባት ከልጁ መገናኘቱ የማይቀር ነው። ሸፐርድ በዘር የሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል። ውሻው ሲያረጅ፣ አንዳንዴም በልጅነቱ፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። በሽታውን ለመለየት ወላጆቹ ከመገናኘታቸው በፊት ዳሌያቸው ራጅ መነሳት አለበት። ዳያና ራጅ ተነስታ ታውቃለች ወይ አልነው። ሳቀብን። «እኔስ መቼ ተነስቼ አውቃለሁ?»

ሁለተኛው ክርክር «ሴት ውሻ አንዴ ካልወለደች ትታመማለች» የሚል ነው። ይህን ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ያልሰማነው ቦታ የለም። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ያልተመከነች ሴት ውሻ በዕድሜዋ በማህፀን መመረዝና በጡት ዕጢ የመታመም ዕድሏ ይጨምራል፤ በጊዜ ከመከነች ግን ይህ ስጋት ወይ ይጠፋል ወይ በእጅጉ ይቀንሳል። መውለድ መድኃኒት አይደለም። መውለድ ራሱ ወጪ ነው፣ አደጋም ነው።

ሦስተኛው «ሥራ የለም፣ እንጀራ ነው» የሚለው ነው። ይህን በፌዝ አናልፈውም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥን እናውቀዋለን፤ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፎ መኪና ሲያስቆም የሚውለውን ልጅ አንንቀውም። ግን እንደ ነጋዴ እናስላ። እናቲቱ ለሁለት ወር ገደማ ታረግዛለች፣ ከዚያም ታጠባለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥጋ ትፈልጋለች፣ ሐኪም ትፈልጋለች። ቡችሎቹ ከእናታቸው ጋር ቢያንስ ስምንት ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ በወር ተኩል የተነጠለ ቡችላ ፈሪና ተናካሽ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። የትል መድኃኒት አለ፣ የፓርቮ ክትባት አለ፣ ከዚያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ይህ ሁሉ ሲወጣ ትርፉ የት አለ? ትርፉ የተገኘው ይህ ሁሉ ስላልወጣ ነው። ሻጩ ያላወጣውን ወጪ የጎረቤት ልጅ በክንዱ ከፈለው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ቀልድ አይደለምና። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ለሰው የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከፓስተር ዘመን ጀምሮ አለ! የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ክትባት ወዳለበት መሮጥ አለበት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መሰራጨቱን ያቆማል። ያልተከተበ ቡችላ በየቤቱ በበተንን ቁጥር ግን ከዚያች 70 እየራቅን ነው።

በሽታው ደግሞ ሰው ላይ አያቆምም። በባሌ ዌብ ሸለቆ በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተጋባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጀ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከፍታዎች ላይ ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሌለ እንስሳ ነው። ንጹህ ዘር ከፈለጋችሁ ንጹህ ዘር ማለት ይሄ ነው! የሚያሳስበን የጀርመኑ ዘር መጥፋት ከሆነ፣ ስለራሳችን ማን ይጨነቅልን?

«ሌባ በዛ፤ የሀበሻ ውሻ ምን ያደርጋል?» ነበር የመጨረሻው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ውሻን የሚይዘው ለጥበቃና ለከብት ነው፤ ሙስሊሙ ቤት አያስገባውም፣ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያስደርሰውም። ደጁ ግን የእሱ ነው። ለዘመናት ጅብና ሌባ ሲያባርር አያቱን የጠየቀው የለም። የአገር ቤት ውሻ «ቅልቅል ውራጅ» ነው የሚሉም ይሳሳታሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት የግብጽን፣ የኡጋንዳንና የናሚቢያን መንደር ውሾች መርምሮ፣ በተለይ የኡጋንዳዎቹ ከፈረንጅ ዝርያ የተደባለቁ ሳይሆኑ የራሳቸው ጥንታዊ የዘር ሀብት ያላቸው እንደሆኑ አሳይቷል።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይጥፋ አንልም፤ በክርክሩ መሐል የበላነው ቆሮሶም ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሸፐርድ ያለው ይያዘው፣ ይውደደው፣ ያስከትበው። ማራባት ግን የሁለቱንም ወላጆች ጤና ለመረመረ፣ ለእያንዳንዱ ቡችላ (ለሴቷም ጭምር!) አስቀድሞ ቤት ላገኘ፣ ገዢው ቢመልስለት «እምቢ» ለማይል ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ንገሩን። እኛ እስካሁን አላገኘንም።

በማግስቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እህቶቻችን ውጭ ቀሩ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ቦታ አይተን ስንመለስ፣ ሴቶቹን ከአንዲት ቡላ የመንደር ውሻ ጋር ተወዳጅተው አገኘናቸው። ግማሽ ዳቦ በልታ እግራቸው ሥር ተኝታለች። እኛ ስንቀርብ ተነስታ ጮኸችብን። በበላችበት መጮኋ ነው! ወዳጃችን ሳቀ። «ዘሯ ምንድነው?» አልነው።

«እኔ እንጃ» አለ።

ዳያናን ዘንድሮ እንደማያስጠቃት ግን ቃል አልገባልንም። «አስብበታለሁ» ነው ያለን። እናንተም አስቡበት።

ቸር ይግጠመን!