«ኢንቲማሲ» ማለት ምን ማለት ነው?

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ኢንቲማሲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ብዙዎቻችን አባትህን ጠይቅ ብለን እናልፈዋለን። ቃሉን በፊልም የምናውቀው ከመኝታ ቤት ጋር ተያይዞ ነውና። ልጁ ግን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «መቀራረብ» የሚል ፍቺ ያገኝና እናቱ ለምን እንዳፈረች ግራ ይገባዋል።

የቃሉ መነሻ ላቲን ነው። «ኢንቲሙስ» ሲባል ከውስጥም የጠለቀው ውስጥ ማለት ነው። ከዚሁ የወጣው «ኢንቲማሬ» የሚለው ግስ ደግሞ ማስታወቅ፣ መግለጥ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ከሥሩ ሁለት ነገር ይዟል፤ በውስጥ ያለውንና ያንኑ ለሌላ ማሳወቅን። ስሙ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ መቶ ዘመኑ ሳያልቅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መሸፈኛም ሆነ። እኛስ «ግንኙነት» የሚለውን ጨዋ ቃል ለዚሁ አውለነው የለም? ስለ ሕዝብ ግንኙነት ሲወራ እንኳ ፈገግ የሚል አይታጣም።

በአማርኛ የዚህ ውስጥ ስሙ ሆድ ነው። የሚዋደዱ ሰዎች የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ፤ የሚወዱትንም «ሆዴ» ይሉታል። ነገር ግን «ሆድ ይፍጀው» የምንልም እኛው ነን።

አንዲት የማውቃት የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ ከሥራ መሰናበቱን የሰማችው ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም ከጎረቤት ነበር። ሰውየው በየማለዳው ልብሱን ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ ይወጣ ነበር። ወር ሲደርስም ተበድሮ ደመወዝ ነው ብሎ ይሰጣታል። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አላት። እሷን ያቃጠላት የቀረው ደመወዝ አልነበረም። «አንድ አልጋ ላይ እየተኛን!» ነበር ያለችኝ። እኔም በእሷ ፈረድሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ወንድ ችግሩን በሆዱ ይይዛል እየተባለ ያደገ ነው። ቢሆንም ያን አራት ወር ሚስቱ የኖረችው ከማታውቀው ሰው ጋር ነው።

አሁን ሌላ ሥራ ይዟል። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጥቂት ተቀምጠው እንዲጫወቱ እሷ አስለምዳዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውየው የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነበር አለችኝ።