ወደ አባት ቤት ስለ መመለስ

ፊደልን በቃሉ ብቻ የያዘ ሕፃን ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይጮኻል። መምህሩ ግን በስንደዶ ከመካከል አንዱን ነክቶ፣ ይህ ማን ነው? ብሎ ቢጠይቀው ዝም ይላል። ድምፁን ያውቃል፤ መልኩን ግን አይለይም።

የሃይማኖትም ነገር እንዲሁ ነው። በልጅነቱ አቡነ ዘበሰማያትንና ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ አጥንቶ ትርጓሜውን ሳይማር ያደገ ካቶሊካዊ ብዙ ነው። ባልንጀራው፣ ኃጢአትህን ስለ ምን ለካህን ትናዘዛለህ? ስለ ምንስ እሑድ ታስቀድሳለህ? ብሎ ቢጠይቀው መልስ ያጣል። መልስ ያጣ ሰው ያፍራል፤ ያፈረም ሰው ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል።

ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔርን የጠላ ይሉታል። ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርቀው ጥላቻ አይደለም፤ አለማወቅና ሐፍረት ነው። አስቀድሞ አንድ እሑድ በሥራ ምክንያት ይቀራል፤ ከዚያም ወር ይሆናል፤ በመጨረሻም ፋሲካ ያልፈዋል። በ1215 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በሮም በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ለአእምሮ የደረሰ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ፣ በፋሲካም እንዲቆርብ አዘዘ። የራቀውም ሰው ያለፉትን ዓመታት ቆጥሮ፣ እንግዲህ በምን ፊቴ እገባለሁ? ይላል። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጌታችን በወንጌል በተናገረው ምሳሌ የጠፋው ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱ ከሩቅ አይቶ ሮጠ፣ አንገቱንም አቅፎ ሳመው። ታላቅ ወንድሙ ግን ተቈጥቶ ወደ ቤት መግባትን እንቢ አለ። አባት የከፈተውን በር ወንድም በሽሙጥ ሊዘጋው አይገባም። የተመለሰውን ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ከወዴት መጣህ? ብሎ የሚያላግጥበት ጎረቤት ታላቅ በደል ይበድላል።

መመለስ ብቻውን ግን አይበቃም። ሳይማር የተመለሰ ሰው ቀድሞ ባራቀው ጥያቄ ዳግመኛ ይርቃልና። ስለዚህ አባቶች፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ።

ሽማግሌ ከሕፃናት ጋር እንዴት ይማራል? የሚል ሰው ቢኖር አባ ገብረ ሚካኤልን ያስብ። እርሱ በመጽሐፍ ዕውቀት የታወቀ የጎጃም መነኩሴ ነበረ፤ ነገር ግን አውቄአለሁ ብሎ አልተቀመጠም። እውነትን ሲመረምር ቆይቶ በ1844 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በአቡነ ያዕቆብ እጅ ካቶሊካዊ ሲሆን ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነበረ። በ1855 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖቱ ታስሮ ሳለ ሞተ።

ቅዱስ አውግስጢኖስም የክርስቶስን ስም ከእናቱ ከሞኒካ በልጅነቱ ሰምቶ ሳለ ወደ ማኒ ትምህርት ሄዶ 9 ዓመት ያህል ቆየ። እናቱም ስለ እርሱ እያለቀሰች ትጸልይ ነበር። በሚላኖ የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት በሰማ ጊዜ ግን፣ የናቀው ነገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳልነበረ፣ ራሱ በስሕተት የተረዳው እንደ ነበረ አወቀ። በ387 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ተጠመቀ። ኋላም ጳጳስ ሆኖ፣ ጀማሪዎችን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ መጽሐፍ ጻፈ።

እንግዲህ የራቀ ሰው ወደ ካህን ሄዶ፣ ይህን ያህል ዓመት ቀርቼ ነበር ብሎ በግልጥ ይናገር። ካህኑ በኑዛዜ የሰማውን ለማንም እንዳይገልጥ ተከልክሏልና አይፍራ። ከዚያ በኋላ ትምህርተ ክርስቶስን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይማር፤ ያልገባውንም ይጠይቅ።

ማንበብ የሚያውቅ ልጅም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው። አባቱ ወይም አጎቱ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ቢሆን ልጅ ሽማግሌን ሊገሥጽ አይገባውም። ነገር ግን ማታ ከራት በኋላ መጽሐፉን ይዞ፣ አባባ፣ ትምህርቴን ያድምጡልኝ ብሎ አንድ ገጽ ያንብብ፤ በማግሥቱም ሌላውን። አባት ልጁን ሲያደምጥ ራሱ ይማራል፤ ማንም አላሳፈረውምና እሑድ ሲደርስ ከልጁ ጋር ለመሄድ አይከብደውም።