ሕፃን ሽማግሌ

ብስራተ ገብርኤል ከነበሩት ፊልም ማከራያ ቤቶች «ሆም አሎን»ን ያልተከራየ የኔ ዘመን ሰው አለ ብዬ አላምንም። አራተኛውን ግን ማን ያስታውሰዋል? እ.ኤ.አ. በ2002 ኤቢሲ ለቴሌቪዥን ያቀረበው ነው፤ ማኮሊ ካልኪን የለበትም፣ ቀልዱም አያስቅም። ሰሞኑን ደግሜ ሳየው ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የኬቨን ወላጆች ተለያይተዋል። ልጁ ገናን ሊያሳልፍ አባቱ አዲሷ ወዳጁ ቤት ይሄዳል፤ ከሌቦች ጋር ይታገላል፤ ወላጆቹ ይታረቃሉ። አበቃ! ሕፃኑ ሽማግሌ ሆኖ አረፈው።

እኛስ? «ለአባትህ ንገረው»፣ «እናትሽን እንዲህ በያት» እያልን በየቅዳሜው ልጅ እንልክ የለም? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና እንዴት እንደሚጠየቅ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ልጁ መልእክተኛ ይሁን የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ስልክ አላችሁ አይደል? ራሳችሁ ደውሉ!