ሼር የምናደርግ፣ ሼር ግን የሌለን ትውልድ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ኪሳችን እናውራ። ፖለቲካ አይደለም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት የፈለገ ቢጮህ ማንም አይሰማውም።

እስቲ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈራችሁን ቤቲንግ ቤት እዩት። ወጣቱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ትኬቱን ጨብጦ፣ ማንቼና አርሴናል ላይ አንጀቱን ያቃጥላል። ማታ ደግሞ ቲክቶክ ላይቭ ይገባል፤ ሁለት ሰው ሲሰዳደብ እያየ ያሸንፍልኝ ለሚለው አንበሳ ይልካል። ሰኞ ጠዋት "ሀገሪቱ ውስጥ ብር የለም" ይላል። ብሩማ ነበረ፤ የት ሄደ ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። አንድ ግጥሚያ ሃምሳ ለሃምሳ ነው እንበል። ትክክለኛው ኦድ 2 መሆን ነበረበት፤ አቋማሪው ግን ለምሳሌ 1.85 ይሰጥሃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? 8 ጨዋታ ደርድረህ በ50 ብር ቁረጥ። ሁሉንም የማግኘት ዕድልህ ከ256 አንድ ነው። ለዚህ ዕድል የሚገባህ 12,800 ብር ነበር፤ የሚከፈልህ ግን ወደ 6,860 ብር ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የአቋማሪው ድርሻ ያብጣል። ስለዚህ "ዕድሌ ጠማማ ነው" አትበል፤ ጠማማው ሂሳቡ ነው።

አሁን ደግሞ በሳምንት 4 ትኬት በ50 በ50 ብር የሚቆርጠውን ልጅ አስቡ። 200 ብር ማለት ነው፤ በዓመት 10,400 ብር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ 100 ሚሊዮን አክሲዮን አወጣ። ያንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ያ ልጅ በዓመት ለአቋማሪ የሚከፍለው ብር ያንን ገዝቶ ይተርፋል። ሽያጩ ሲዘጋ ግን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ነበር፤ የገዛውም ሰው 47 ሺህ ገደማ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት ሀገር!

በርግጥ ወጣቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። 9,900 ብር ባንዴ ማውጣት ለቀን ሠራተኛና ለጀማሪ ተቀጣሪ ቀልድ አይደለም። ሕዝቡ ባለቤት እንዲሆን ከተፈለገ መነሻው ዝቅ ማለት፣ ክፍያውም በየወሩ መሆን ነበረበት። ይህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ቀጣዩ ሽያጭ ከመምጣቱ በፊትም ጮክ ብለን መጠየቅ አለብን። ግን ጥያቄ የሚያነሳው ጉዳዩን የተከታተለ ሰው ነው። ስንቶቻችን ተከታተልነው?

"ባንክ አስቀምጣለሁ፣ ይበቃኛል" የሚል ደግሞ አለ። ትንሹ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2016 መጨረሻ ላይ የዋጋ ንረቱ በመንግሥት ቁጥር እንኳ ከ18 በመቶ በላይ ነበር። 10,000 ብርህ በዓመቱ 10,700 ሆነልህ፤ ያን ጊዜ በ10,000 ትገዛው የነበረው ዕቃ ግን 11,800 ገባ። ደብተሩ ላይ ብርህ ጨምሯል፣ ሱቅ ስትሄድ ግን ቀንሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። ያኔ ቤት፣ መሬት፣ ድርሻ የነበረው ሰው ቢያንስ መጠለያ ነበረው። ጥሬ ብር ብቻ የያዘው ነው የተመታው። ማለትም እኛ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽዬ የአክሲዮን ገበያ ነበረች። በ1967 ደርግ ባንኩንም ኢንሹራንሱንም ትልልቁን ፋብሪካም ሲወርስ አብራ ቀረች። ጥር 2 ቀን 2017፣ ልክ በ50 ዓመቱ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ታኅሣሥ ላይ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። በአገር ውስጥ ባንክ ላይ የውጭ ሰዎች በድምሩ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላሉ።

ይህን ክፉም በሉት ደግ፣ በሩ ተከፍቷል። የሚገዛ ይገዛል። ጥያቄው ከ10 ዓመት በኋላ የባለአክሲዮን መዝገብ ሲገለጥ የማን ስም ይገኝበታል የሚለው ነው። የእኛ ስም ከሌለ በገዛ ሀገራችን ደንበኛ፣ ተቀጣሪና ተከራይ ሆነን እንቀራለን። ያኔ "ሀገሬ፣ ሀገሬ" ማለት በሰው ቤት ውስጥ ስለ ቤት መዝፈን ነው።

ማንቼን እዩት። ከ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በኒውዮርክ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። እኛ ማልያ ገዝተን፣ ዲኤስቲቪ ከፍለን፣ ሲሸነፍ ምግብ አስጠልቶን እንደር ይሆናል፤ ውሳኔው ግን ብዙ ድምፅ ያላቸው ባለድርሻዎች ጋ ነው። ደጋፊ ያለቅሳል፣ ባለድርሻ ይወስናል። ሀገርም እንደዚያ ናት።

ደግሞ አንችልም እንዳትሉኝ። በ1987 አዋሽ ባንክን የመሠረቱት 486 ሰዎች ናቸው፤ ይዘው የተነሱት 24 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ሆነ፣ ዛሬ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። አባይን ያየ ሕዝብም ነን። ከመጋቢት 2003 ጀምሮ አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ ሊስትሮው ሳይቀር ቦንድ እየገዛ፣ 8100 እየላከ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አይቷል። ልዩነቱን ግን እንወቅ፦ ቦንድ ብድር ነው፣ ብርህ ከነወለዱ ይመለስልሃል። አክሲዮን ባለቤትነት ነው፤ ሲተርፍ ትካፈላለህ፣ ሲከስርም አብረህ ትከስራለህ።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ነገ ሮጣችሁ ያላችሁን ሁሉ አውጡ እያልኩ አይደለም። ገበያው ገና ጨቅላ ነው፤ የገዛኸውን በፈለግክበት ቀን የሚገዛህ ላታገኝ ትችላለህ። ከሚሊኒየሙ ወዲህ በጋዜጣና በቲቪ አክሲዮንና ቤት ሸጠው ሕዝቡን ያስለቀሱትንም አንረሳም። አሁንም ቴሌግራም ላይ "ብርህን በወር እጥፍ አደርጋለሁ፣ ሦስት ሰው አምጣ" የሚል ሞልቷል። ሰው አምጣ ያለህ ቀን ሽሽ፤ ትርፉ የሚመጣው ከአንተ በኋላ ከሚገባው ሰው ኪስ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ለክፉ ቀን የሁለት ሦስት ወር ወጪ። ቀጥሎ ዕዳ መክፈል። ከዚያ የምታውቀውን ሥራ ማሳደግ፤ ጥሩ የልብስ ስፌት መኪና ወይም ጥሩ ስልጠና ከማንኛውም አክሲዮን ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው አክሲዮን፤ እሱም በብድር ሳይሆን ለዓመታት በማትፈልገው ብር። የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት አንብብ፤ ካልገባህ የሚገባውን ጓደኛህን ጠይቅ። ሻጩ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጥ።

ብቻችሁን ካልቻላችሁ ዕቁብ አለላችሁ። እናቶቻችን በዕቁብ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ድረውበታል። እኛስ 10 ሆነን በየወሩ ሺህ ሺህ ብር ጥለን፣ ዕጣ የወጣለት በስሙ አክሲዮን ቢገዛበት ምን ይከብደናል? ዓረብ ሀገርና አሜሪካ ያላችሁ እህት ወንድሞቻችንም፣ ለሠርግና ለድግስ ከምትልኩት ላይ ጥቂቱ በስማችሁ ተቀምጦ ይጠብቃችሁ። የውጭ ዜግነት ብትይዙም ትውልደ ኢትዮጵያዊ በባንክ ዘርፍ ባለድርሻ እንዲሆን ከ2011 ጀምሮ ሕጉ ይፈቅዳል።

ሰላም ከሌለ ይህ ሁሉ ወሬ መሆኑን እናውቃለን። መንገድ ተዘግቶ፣ ፋብሪካ ቆሞ የሚተርፍ አክሲዮን የለም። ሰላም ሲጠየቅ ስለ እንጀራችንም መጠየቁ ነው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከ4ቱ ትኬት 2ቱን ተዋቸው፤ 100 ብሩን ለብቻ አስቀምጡ። ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉት። ከዚያ ደግሞ ሼር ለመግዛት ተዘጋጁ።